በመስተዋቱ ላይ የተለጠፈው ማተብ

ማተቤን ለመጀመሪያ ጊዜ የቆረጠው ሰው መቀሱን ያወጣው ከአውሮፕላን መጠገኛ ሣጥን ውስጥ ነበር። የሸራ መቀስ ነው። ብዙ ሰው አውሮፕላን ሁሉ ብረት ይመስለዋል፤ እኛ የተማርንባት ባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላን ግን አጥንቷ ቀጭን ቧንቧ፣ ቆዳዋ ቀለም ጠጥቶ የደረቀ ሸራ ነበር። የግራር እሾህ ሲቀድዳት አሰልጣኛችን ቁራጭ ሸራ በመቀስ ያስተካክልና በማጣበቂያ ይጥፋታል። ስለዚህ ያን ቀን መቀሱን ሲያነሣ ክንፏን ሊጥፍ መስሎኝ ዝም ብዬ ቆምኩ።

ቦታው ከናዝሬት በታች፣ ወደ አዋሽ የሚወርደው ሜዳ ነው። የመንግሥት እርሻው የተባይ መርጫ አውሮፕላኖች የሚያርፉበት የአፈር ማኮብኮቢያ ነበረ፤ ርጭት በሌለበት ወቅት ለወጣት ሠራተኞች የበረራ ትምህርት ይሰጥበት ጀመር። ጊዜው ደርግ መሬቱን ወርሶ፣ ትርፍ ቤቱን ወርሶ፣ የቀረውን በዓይኑ የሚፈልግበት ነበር። እኔ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ክንፍ ለምን ወደ ላይ እንደሚነሣ በጠመኔ እየሣልኩ አስረዳለሁ፤ በእጄ ግን አንድም ቀን ክንፍ ነክቼ አላውቅም ነበር። ማስታወቂያው ሲወጣ ከሁሉ ቀድሜ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ። ከብዙ ማጣሪያ በኋላ የቀረነው ሁለት ሰዎች ሆንን፤ እኔና የሁሩታ ልጅ የሆነ የውሃ ፓምፕ መካኒክ።

የምንማረው በዓለም ሁሉ «የግል አብራሪ ፈቃድ» ለሚባለው ወረቀት ነው። የእርሻው ካድሬ ስሙን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

«የግል የሚባለው ምኑ ነው?» አለ።

«ጓድ፣ አብራሪው ሰው ጭኖ ገንዘብ አይቀበልም ማለት ነው። ለራሱ ብቻ ነው የሚበረው» ብዬ አስረዳሁት።

«ለራሱ ብቻ?» አለና ይበልጥ ጠቆረ። «ታዲያ ለምን የነፃ ፈቃድ አትሉትም?»

የሁሩታው ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ቲቸር፣ እሱም ቢሆን ዘንድሮ የለም በለው» አለኝ።

አሰልጣኛችን ከአየር ኃይል የወጣ ሰው ነው። አንደኛው ጉልበቱ አይታጠፍም። ለምን እንደወጣ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። አይጮኽም ነበር። ሊያዋርድህ ሲፈልግ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ አንተም ስድብህን ለመስማት ጎንበስ ትላለህ።

በመጀመሪያው ቀን በክንፏ ጥላ ሥር አሰለፈንና፣ «የሚንጠለጠል ነገር ሁሉ ይውለቅ» አለ። ሰዓት፣ እስክሪብቶ፣ ቁልፍ። ትእዛዙ ልክ ነበር። በዚያች አውሮፕላን መሪው በአብራሪው ጉልበቶች መካከል የሚቆም ዘንግ ነው፤ የላላ ነገር ከተጠመጠመበት ከአፈር ጋር የሚያገናኝ ነው። የሁሩታው ልጅ እናቱ በቆዳ አሰፍታ ያሰረችለትን ሂርዝ ከክንዱ ፈትቶ ኪሱ ከተተ። «አላህ ኪስ ውስጥም ያያል» አለኝ። አሰልጣኙ ወደ አንገቴ ጠቆመ።

«ከሸሚዝ በታች ነው፣ ጓድ አሰልጣኝ። አይንጠለጠልም» አልኩ።

«ፍታው።»

«መፍታት አልችልም።»

«ቋጠሮው ጠብቆ ነው?»

«አይደለም።»

ያን ጊዜ ነው ወደ ሣጥኑ የሄደው። ቀዝቃዛው ብረት ማጅራቴን ሲነካኝ ነው የገባኝ። ክሩ ሲቆረጥ ድምፅ እንኳ አላሰማም። ክርስትና ከተነሣሁበት ቀን ጀምሮ አንገቴ ያለ ማተብ ውሎ አያውቅም፤ ክሩ ሲያረጅ እናቴ አዲሱን ሳታስር አሮጌውን አታወልቅም ነበር። አሰልጣኙ የክሩን ጫፍ በሸራ ቁራጭ ይዞ፣ ጎማው ላይ ወጥቶ ከፊት መስተዋቱ ውጪ፣ ልክ መሐሉ ላይ ለጠፈው። ሌላው ጫፍ እንደ ጭራ ተለቀቀ።

«ይኸውልህ መምህር» አለኝ። «ሌላ አገር ሞተር የሌለው አውሮፕላን የሚያበሩ ሰዎች መስተዋታቸው ላይ ክር ይለጥፋሉ። አውሮፕላኑ ነፋሱን በአፍንጫው እየገጠመ ይሁን እንደ ሰካራም በጎኑ እየተንሸራተተ፣ ክሩ ይነግራቸዋል። ያንተ ክር ይህን ሁሉ ዘመን አንገትህ ላይ ሥራ ፈትቶ ኖሯል። ከዛሬ ጀምሮ ይሥራ።»

ነገሩ እውነት ነው፤ ለተማሪዎቼም ቢሆን እንዲሁ አስረዳቸው ነበር። ክሩ በመስተዋቱ መሐል ወደ አንተ ቀጥ ብሎ ከተኛ አውሮፕላኗ በደንብ እየሄደች ነው። ጭራው ወደ ግራ ከሸሸ ቀኝ ፔዳል ትረግጣለህ፤ ወደ ቀኝ ከሸሸ ግራ። ነገር ግን የእኛዋ አውሮፕላን ሞተሯ ከፊት ነው፤ ፕሮፔለሩ የሚወረውረው ነፋስ እየተጠማዘዘ መስተዋቱን ስለሚመታ ክሩ ምንም አይናገርም፤ ይገረፋል እንጂ። የሚናገረው ጋዝ ተዘግቶ ሞተሩ ሲቀንስ ብቻ ነው። ይህን እሱም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ።

ስለዚህ በእኔ በረራ ሁሉ ጋዝ ይዘጋ ነበር። የሁሩታው ልጅ ከአሰልጣኙ ጋር ወጥቶ እስከ ወንጂ ሸንኮራ እርሻ ደርሶ፣ ዞሮ፣ እየሣቀ ይመለሳል። እኔ እወጣለሁ፤ ክሩ መስተዋቱን እየገረፈ ከፊቴ ይንቀጠቀጣል፤ አሰልጣኙ ከኋላ፣ «ተመልከት፣ ጸሎት እያደረሰልህ ነው» ይለኛል። ከዚያ በቆቃ ውሃ ላይ ወይም በአዋሽ ገደል ላይ ጋዙን ይዘጋዋል። ሞተሩ ይንሾካሾካል። አፍንጫዋ ዝቅ ይላል። ክሩ ይረጋና መናገር ይጀምራል። የነዳጅ ጥልቀት የሚለካባትን የእንጨት ዱላ ይዞ ነው የሚቀመጠው፤ ክሩ ወደ ግራ ሲሸሽ ቀኝ ትከሻዬን፣ ወደ ቀኝ ሲሸሽ ግራ ትከሻዬን ይመታኛል። ያለ ቁጣ ነው የሚመታው፤ እንደ ሰዓት። ማሳዎቹ እየተለቁ ይመጣሉ፤ ዛፎቹ ቅርንጫፍ ያወጣሉ፤ ጋዙን የሚከፍትልኝ የሰው ፊት ከለየሁ በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ማታ እናቴ ባዶ አንገቴን አየች። አሰልጣኙ ነው የቆረጠው ብዬ ነገርኳት። ከሣጥኗ ጥቁር ክር አወጣች።

«ጎንበስ በል።»

«እማዬ፣ ነገ ይቆርጠዋል።»

«ይቁረጠው። ጎንበስ በል።»

ቆረጠው። የነጣውን ክር ከመስተዋቱ ነቅሎ የተቃጠለ ዘይት ያለበት በርሜል ውስጥ ጣለና አዲሱን ለጠፈ። ማታ እናቴ ሌላ አሰረች። እንዲህ እያለ ቀጠለ። አንገቴ የሁለት ሰዎች ሜዳ ሆነ፤ አንዷ ታስራለች፣ አንዱ ይቆርጣል፤ ሁለቱ ተያይተው አያውቁም። የሁሩታው ልጅ በየጠዋቱ ኮሌታዬን ገለጥ አድርጎ ያይና፣ «አካም ቡልቴ፣ ቲቸር? የእናትህ ፋብሪካ ዛሬም አላቆመም?» ይለኛል።

ትከሻዬ ሲያብጥ እናቴን ለመንኳት። አውልቄ ልሂድ፣ ስመለስ እሰሪልኝ አልኳት። ያበጠውን ትከሻዬን በጨው ውሃ እያጠበች ነበር፤ እጇን አላቆመችም።

«እሱን መቁረጥ ካልታከተው እኔን ማሰር ይታክተኛል?» አለች። «በገዛ እጅህ ፈትተህ የወጣህ ቀን ግን እዚህ ቤት ውሃ አትጠጣም።»

ማስፈራሪያ ብቻ አልነበረም። እናቴ አንድ እኅት አላት። አክስቴ በቀበሌው ሱቅ ለመቀጠር ስትል ማተቧን በገዛ እጇ በጥሳ በቦርሳዋ ይዛ ነበር የምትዞረው። እንደሷ ያደረገ በከተማው ብዙ ነው። እናቴ ይህን ከሰማች ጀምሮ እኅቷን ሰላም አላለቻትም። አክስቴ በዓል በመጣ ቁጥር ደጃችን ድረስ መጥታ ቆማለች፤ እናቴ በሩን አልከፈተችላትም። በኋላ ንስሐ ገብታ ማተቧን መልሳ ስታስር እንኳ አልከፈተችላትም።

ሂሳቡ እንዲህ ነበር፤ እኔም አምኜበታለሁ። ሌላ ሰው ሲቆርጥብህ የደረሰብህ ነገር ነው። በገዛ እጅህ ስትፈታው ግን ያደረግከው ነገር ነው። በዚህች ልዩነት ላይ ቆሜ ዱላውን ሁሉ ቻልኩት።

ማስረዳት እወዳለሁ። አንድ ቀን ካረፍን በኋላ አሰልጣኙ የማይታጠፈውን ጉልበቱን ዘርግቶ ጎማው ላይ ተቀምጦ፣ «እስኪ ንገረኝ፤ ለምን ቤትህ ትተኸው አትመጣም? በየቀኑ ትቆረጣለህ፣ በየቀኑ ትመታለህ» አለኝ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ድምፅ መሰለኝ። እኔም ክፍል ውስጥ እንደማደርገው አንድ በአንድ አስረዳሁት።

«እርስዎ ሲቆርጡት የእርስዎ ሥራ ነው። እኔ ስፈታው የእኔ ይሆናል።»

«ስለዚህ መቀሱ በማን እጅ ነው የሚለው ነው ዋናው።»

«አዎ።»

«ገባኝ» አለ። ጎበዝ ተማሪ ነበር።

ፈተናው የተያዘው ዝናብ ሊገባ ሲል ነው። ከዚያ በኋላ ማኮብኮቢያው ለርጭት ይለቀቃል፤ ፈታኙም ከአዲስ አበባ ዳግመኛ አይመጣም። ያን ቀን ያልበረረ ሰው ፈቃድ የሚባል ነገር ይረሳል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር እንዲያጨበጭብ በጭነት መኪና ተጭኖ መጣ። እናቴና አክስቴ በአንድ መኪና ላይ፣ በተለያየ ጫፍ ተቀምጠው መጡ። ካድሬው ድምፅ ማጉያ ይዟል።

የሁሩታው ልጅ ቀድሞ በረረና አለፈ። እልልታ ሆነ። አቧራው ሳይረጋ ሮጦ መጥቶ፣ «ቲቸር፣ ቀላል ነው ወላሂ። ሰውየው እንቅልፋም ነው» አለኝ።

ወደ አውሮፕላኗ ስሄድ አሰልጣኙ ከአፍንጫዋ ፊት ቆሞ ጠበቀኝ። መስተዋቱ ላይ ክር የለም፤ ነቅሎታል። መቀሱን እጀታውን ወደ እኔ አዙሮ ዘረጋልኝ።

«ዛሬ አልቆርጥልህም። አንተ ቁረጠው።»

«ጓድ አሰልጣኝ፣ ነግሬዎት ነበር እኮ።»

«በደንብ ነግረኸኛል። ስለገባኝ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እኔም ጎንበስ አልኩ። «ለፈታኙ ዝግጁ ነው ካላልኩት አትበርም። በገዛ እጅህ ቁረጥና ዝግጁ ነው እለዋለሁ።»

መቀሱን ተቀበልኩት። ፈታኙ ትንሽ ራቅ ብሎ ሰዓቱን ያያል። ቆርጬ መብረር ፈልጌያለሁ፤ ሳልቆርጥ መሄድም ፈልጌያለሁ፤ ሁለቱንም የምፈልገው እኩል ነበር። እጄ አልታዘዘኝም፤ ወደ አንገቴም አልወጣ፣ ወደ ታችም አልወረደ።

እናቴ ከሴቶቹ መሐል ወጥታ ማኮብኮቢያውን አቋርጣ ስትመጣ አየኋት። ከኋላዋ ይጠሯታል፤ አልዞረችም። አጠገባችን ስትደርስ ያየችው እኔን አይደለም፤ አሰልጣኙን ነው።

«ሰውየው እርስዎ ነዎት?» አለችው።

«ነኝ፣ እማማ።»

«ዛሬስ ምን አገኘዎት?»

«ዛሬ የእሱ ተራ ነው። በገዛ እጁ ካልቆረጠ አይበርም።»

«ከቆረጠስ?»

«ይበራል።»

ወደ እኔ ዞረች። «ትወደዋለህ? ይህን መብረር?»

መቀሱን አየሁ።

«የጠየቅኩህን መልስ።»

«እወደዋለሁ» አልኳት።

መቀሱን ከእጄ ወሰደችው። «ጎንበስ በል» አለች፤ ስታስርልኝ እንደምትለው። ለአሰልጣኙ፣ «ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለችው። መቀሱ ለእጇ ትልቅ ነበር፤ ክሩን አኘከው እንጂ ቶሎ አልቆረጠውም። ደጋግማ ጨመቀች። እስትንፋሷ ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል። ሲበጠስ ክሩን በመዳፏ ይዛ ለአሰልጣኙ ዘረጋችለት።

«ይለጥፉት።»

አሰልጣኙ ክሩን አልተቀበለም። «እማማ፣ እኔ ያልኩት እሱ በገዛ እጁ ነው» አለ።

ፈታኙ ቀረብ አለ። ምን እየሆነ እንዳለ አላወቀም፤ ማወቅም አልፈለገም። «ተቆርጧል አይደል? ምንድን ነው የምንጠብቀው? ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል» አለ። አሰልጣኙ ክሩን ወስዶ ለጠፈው። «ዝግጁ ነው» አለ።

ካድሬው ሁሉንም ከሩቅ አይቷል። ድምፅ ማጉያውን ከፈተ። አንዲት ጭቁን እናት የኋላ ቀርነትን ማሰሪያ ከልጃቸው አንገት ላይ በገዛ እጃቸው በጠሱ፤ ጓዶች፣ ይህን አይታችኋል፤ እልል በሉ አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴ በዚያ እልልታ መሐል፣ ነጠላዋን እስከ አፏ ስባ፣ ወደ መኪናው ተመለሰች። መቀሱን ሳትመልስ ይዛው ሄዳ ነበር፤ መንገድ ላይ ስታስተውለው መሬት ላይ አስቀመጠችው። አክስቴ እጇን አፏ ላይ ጭና ታያታለች። እልል ያላለችው እሷ ብቻ ነበረች።

በረርኩ። ፈታኙ ከኋላዬ፣ «ይሄ ክር ምንድን ነው?» አለኝ።

«የነፋስ ማሳያ ነው።»

«ይሠራል?»

«ሞተር ሲቀንስ ይሠራል።»

«እስኪ እንየው» አለና ጋዙን ዘጋው። ከሥራችን የቆቃ ውሃ ነበር። ክሩ መገረፉን አቆመ፣ ረጋ፣ መሐል ላይ ተኛ። ማሳ መርጬ ዞርኩ፣ ወረድኩ፤ ክሩ ከቦታው አልተነቃነቀም። ያን ሁሉ ጊዜ በዱላ የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ ሌላ ሰው የተማረውን ያህል ሞተር ይዤ መብረር አልተማርኩም፣ ያለ ሞተር መውረድ ግን ከማንም በላይ እችላለሁ። ፈታኙ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ። ልመታ መስሎኝ ደነገጥኩ። «ጥሩ ነው፤ በቃ እንመለስ» አለኝ።

ፈቃዱ በትንሽ ደብተር መልክ መጣ፤ ፎቶግራፌ ተለጥፎበታል፣ አንገቴ ባዶ ነው። የፈተናው ዕለት ማታ እናቴ ፊት ጎንበስ ብዬ ቆሜ ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም።

«ሂድ፤ አባ ያስሩልሃል። የኔ እጅ ቆርጧል፤ ከእንግዲህ አያስርም።»

«አንቺ እኮ ለእኔ ብለሽ ነው።»

«እኅቴስ ለማን ብላ ነው? ለልጆቿ አይደል?» አለች። «በእሷ ፈርጄ ራሴን በምን ልፈታ ነው?»

አባ አሰሩልኝ። የንስሐ አባታችን ለእናቴ ቀላል ቀኖና ነው የሰጧት፤ ጥቂት ስግደት። ሰገደችና ጨረሰች። ከዚያ ግን የራሷን ጨመረችበት፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር አላልፍም አለች። አባ ራሳቸው ወጥተው ለመኗት፣ አዘዟት፤ እጃቸውን ተሳልማ እዚያው ቆመች። አክስቴ በየእሑዱ በአጠገቧ አልፋ ትገባለች፤ ስታልፍ ልታናግራት ትሞክራለች፤ እናቴ አንገቷን ትደፋለች። «እስከ መቼ ነው?» ብዬ ስጠይቃት፣ «እስኪበቃ» አለችኝ። በቃ የሚለው ማን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።

አንድ ነገር ላስረዳና ልጨርስ። ፈቃድ ያለው ሰው ፈቃዱ እንዳይወድቅበት መብረር አለበት። ተራ የሚያወጣው አሰልጣኙ ነው። ርጭት የማይኖረው ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ለሁሩታው ልጅ ቅዳሜን ሰጠው። ለእኔ እሑድ ጠዋትን፣ የቅዳሴውን ሰዓት ሰጠኝ። ሌላ ቀን ለመንኩት።

«ሌላ ቀን የለኝም፣ መምህር» አለኝ። «ካልተመቸህ ተወው።»

አልተውኩትም። በመጀመሪያው እሑድ ብቻዬን ተነሥቼ በከተማው ላይ ዞርኩ። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ከሩቅ ያበራል። ድምፄ ቅዳሴውን እንዳይረብሽ ብዬ ጋዙን ዘጋሁት። በቅጥሩ ውስጥ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ተጠጋግቶ ቆሟል። ከበሩ ውጪ፣ ፀሐዩ ላይ፣ አንዲት ነጭ ነጥብ ለብቻዋ አለች። ቀና ብላ እንደሆነ ወይ አንገቷን ደፍታ እንደሆነ ከዚያ ከፍታ አይለይም።

እናቴ የቆረጠችው ክር አሁንም ከፊቴ ነበር፤ ያንን አሰልጣኙ አልነቀለውም። በመስተዋቱ መሐል ቀጥ ብሎ ተኝቷል፤ ወደ ግራም አልሸሸ፣ ወደ ቀኝም። አሰልጣኙ ከኋላዬ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ የትኛውን ትከሻዬን እንደሚመታ ግራ ይገባው ነበር።